እርጅና ከተከለከለ ወዲህ

ጥቅምት 24

ዝናቡ ቆሟል። ሩዙ ቢጫ መሆን ጀመረ። ሱቅ ከፈትኩ፣ እንቁላልና በረዶ ሸጥኩ፣ ከሳሙና አከፋፋዩ ጋር ተጨቃጨቅኩ… እንደ ወትሮው።

ከሰዓት በኋላ እማማ ቡንሚ ሞቱ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር። ጠዋት ሩዛቸውን በሉ፣ "ይሄ አሳ ጨው የለውም" ብለው ምራታቸውን አበሻቀጡ፣ ጋደም አሉ… በቃ። እንዲህ ያለውን ሞት ለእኔም ያድለኝ።

ታዊ ፎርሙን ይዞ በረንዳ ላይ ቁጭ አለ። ባሌ የመንደሩ ሹም ነው። ሰው ቤቱ ሲሞት ወረዳ ሄዶ የሚያስመዘግበው እሱ ነው። ሐኪም አይደለም፣ የሩዝ ገበሬ ነው። "የሞት ምክንያት" የሚለው ጋ ሲደርስ ዕድሜ ልኩን "እርጅና" ብሎ ይጽፍ ነበር። አሁን ግን ጉድ መጣ። በወሩ ስብሰባ ላይ ከባንኮክ መመሪያ ወረደ ተባለ። እርጅና ተከልክሏል! "ሰው በእርጅና አይሞትም፤ የበሽታ ስም ይጻፍ" አለ የወረዳው ጸሐፊ። ድንቄም!

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ሽማግሌ "ትንፋሹ ቆመ" ብሎ ወስዶ ነበር። መለሱበት። "ትንፋሹ ያልቆመ ሟች አለህ እንዴ?" አሉት።

"እማማ ቡንሚ ምን ነበረባቸው?" አለኝ።

"ዘጠና አንድ ዓመት ነበረባቸው።"

"በሽታ ነው የምልሽ ዱዋን።"

"ምንም።"

"እሺ፣ መጨረሻ ላይ ምን አደረጉ?"

"ምን ያደርጋሉ፣ አለከለኩ።"

ብዕሩን አነሳና "አስም" ብሎ ጻፈ።

ቆሽቴ አረረ! እዚህ መንደር አስም ያለብኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከሠርጌ በፊት ጀምሮ ተሸክሜው የኖርኩ። ደረቴ እያፏጨ ወልጄ፣ እያፏጨ አሳድጌ፣ ጎረቤት መምጣቴን በፉጨቴ እያወቀ… አሁን ለእማማ ቡንሚ እንዲሁ በነጻ? አንድ ቀን እንኳ አስነጥሰው ለማያውቁት ሴትዮ!

ኅዳር 23

ታዊ ከወረዳ ስብሰባ እየሳቀ መጣ። ጸሐፊው "አስም" የምትለውን አየና ማኅተሙን ዷ! አደረገው አሉ። ጥያቄ የለ፣ ቁጣ የለ። ሌሎቹ ሹሞች ከበቡት።

"አንተ ምን ጽፈህ ነው ያለፈልህ?"

"አስም።"

"አስም ብቻ?"

"አስም ብቻ።"

መዳፋቸው ላይ ጻፏት። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፣ ሳሉ ወደ ሌላው… የትንፋሽ መድኃኒቴን፣ ፓፌን፣ ሁለት ጊዜ ሳብኩ። ይቺ ሰማያዊ ፓፍ እያለቀች ነው። ሌላ ለማምጣት እስከ ትልቁ ሆስፒታል በአውቶቡስ መሄድ ነው፤ እሱንም ካልጨረሱ። የእኛ ጤና ጣቢያ ያለው የራስ ምታት ክኒንና ነርስ ኦራታይ ብቻ ነው። ኦራታይ ጥሩ ልጅ ናት። ጥሩነት ግን አይተነፈስም።

የሸንኮራ አገዳው ማሳ ለቆረጣ ሊቃጠል ነው። ዓምና በጭሱ ሰሞን ታዊ በፒክአፕ ጭኖ ሆስፒታል ሲያበርረኝ ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር አሉ። እኔ አላስታውስም። ዘንድሮ ግን እፈራለሁ። ዘንድሮ የምወጣው አይመስለኝም። ለታዊ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም፤ ፒክአፑን ግን አስጠግኗል።

ታህሳስ 12

የጎረቤት መንደር ሰውዬ ከኮኮናት ዛፍ ወድቆ ሞተ። ሹማቸው ምን ብሎ አስመዘገበው? አስም! ታዊ ስልክ ደውሎ ጮኸበት።

"ሰውዬው ከዛፍ ነው እኮ የወደቀው!"

"ሲወድቅ አለከለከ።"

"አንተ! አታፍርም?"

"ጸሐፊው አስም ይወዳል። ምን አከራከረኝ?"

ታዊ ስልኩን ዘግቶ የራሱን ፎርሞች ቆጠረ። እሱም እስካሁን ሰባት ሰው በአስም ጽፏል። እንደ ኮኮናቱ ዓይነት አይደለም፣ ሁሉም ሽማግሌዎች ናቸው፣ ግን…

ጥር 4

ሬዲዮ ሰማን። "በአገሪቱ በአስም የሚሞተው ሰው ቁጥር ባልታወቀ ምክንያት እያሻቀበ ነው…" በተለይ በእኛ በሰሜን ምሥራቁ፣ በኢሳን። አንዱ ፕሮፌሰር የሩዝ ገለባ ብናኝ ነው አለ። ሌላው ቤት ውስጥ የሚያድር ውሻ ነው አለ። ሦስተኛው የተብላላ አሳ ነው አለ። በአሳ ሽታ ሰው ቢሞትማ ኢሳን ውስጥ ማን ይተርፍ ነበር?

ታዊ ሬዲዮውን ዘጋው። ጆሮው ቀልቷል።

"እኔ እኮ ሰባት ሰው ብቻ ነው የጻፍኩት።"

"አንተ ሰባት። ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹም… የሌላ ወረዳ ሹሞች ዘመዶቻቸው ናቸው። ይነጋገራሉ።"

ወይ ጉድ! አገር ሙሉ በአንድ ሰው ብዕር በአስም አለቀ። ያውም በእኔ ባል! ሙዝ አስቀምጦ የት እንዳስቀመጠ በሚረሳው!

ጥር 19

መጡ። ነጭ መኪና፣ ከባንኮክ። ዶክተር ናሮንግ ይባላል፣ ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ልጄ ይሆናል በዕድሜ። ትሕትናው ሌላ ነው፤ ለውሻውም እጅ ሊነሳ ምንም አልቀረው። "ለምን እዚህ አካባቢ ሰው በአስም እንደሚያልቅ ልናጠና ነው" አለ። ታዊ መሬት መሬት አየ።

ሽማግሌዎቹ ገዳሙ አዳራሽ ውስጥ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ተሰለፉ። ቀስት ያለበት ቱቦ አለ፤ በኃይል ሲነፉት ቀስቱ ይወጣል፣ የሳንባን ጉልበት ያሳያል። መጀመሪያ አባባ ሲታ ነፉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ኬን የሚባለውን የቀርከሃ የትንፋሽ መሣሪያ ሲነፉ፣ በየሠርጉ ሰው ሲያስጨፍሩ የኖሩ ናቸው። ቀስቱ ጫፍ ድረስ ሄዶ ጧ! አለ።

"ልድገመው?" አሉ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይስማ! ወንዶቹ በአንድ ጠርሙስ የሩዝ አረቄ ተወራረዱ። የነፋው ሁሉ ተመልሶ ይሰለፋል። እማማ ፔንግ የሚያኝኩትን ቅጠል ተፍተው ነፉና ሦስት ወንዶችን በለጡ። ዶክተሩ ይጽፋል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ይጽፋል።

"አልገባኝም" አለ በመጨረሻ። "በአገሪቱ ከሁሉ በላይ ሰው በአስም የሞተበት አካባቢ… ከሁሉ የጠነከረ ሳንባ?"

ወረቀቱን ገለባበጠ። ድንገት ፊቱ በራ። "ገባኝ! ደካሞቹ ሁሉ አልቀዋል! የቀሩት ብርቱዎቹ ናቸው!"

ታዊ የሚጠጣው ውሃ ትን አለው።

የኔ ተራ ደረሰ። ነፋሁ። ቀስቱ ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ተመልሶ ተኛ። ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሳ።

"እትዬ… እርስዎ አስም አለብዎት!"

"ይኼ ደግሞ ዜና ነው ልጄ?"

የጠፋበትን ጎሽ ያገኘ ገበሬ ነው የመሰለው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰው በበሽታዬ እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

የካቲት 8

ጤና ጣቢያው "የአስም ክሊኒክ" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለለት። ኦራታይ ሥልጠና ሄዳ ነጭ ጫማ አድርጋ ተመለሰች። ኦክስጅን መጣ። ለእኔም ቡናማ ፓፍ ተሰጠኝ፤ አስሙ ሲነሳ ብቻ ሳይሆን ደህና ስሆንም ጠዋት ማታ የሚሳብ። ደህና ሆኖ መድኃኒት… አላመንኩም ነበር።

አገዳው እየተቃጠለ ነው። ጥቁር አመድ የተሰጣ ልብስ ላይ ይዘንባል። እኔ ግን… እንዴት ብዬ ልጻፈው? ተጋድሜ ተኛሁ። በጀርባዬ፣ እንደ ሰው። ስንት ዓመት ትራስ ተደግፌ፣ ቁጭ ብዬ እያንጎላጀጅኩ ነው ያደርኩት!

ጠዋት ስነቃ ታዊ መዳፉን አፍንጫዬ ስር አድርጎ ደርቆ ቀርቷል።

"ምን ሆነሃል?"

"ፉጨትሽ ጠፋብኝ" አለ። "የሞትሽ መስሎኝ።"

አለቀስኩ። እያለቀስኩም ትንፋሼ አልተቆረጠም። ስለዚህ ደግሜ አለቀስኩ።

መጋቢት 14

ዶክተሩ ግራፍ ይዞ መጣ። ተራራ ይመስላል፣ ወደ ላይ ብቻ። "ይኼ የአገሪቱ ነው" አለ በኩራት ይሁን በሐዘን አልለየሁትም። ስለ ክሊኒኩ አስረዳን። ከዛሬ እስከ መስከረም መጨረሻ በዚህ አካባቢ በአስም የሚሞተው ይቆጠራል። እንደ በፊቱ ከሆነ፣ ክሊኒኩ አልሠራም ተብሎ ይዘጋል።

"ከቀነሰስ?" አልኩ።

"ይቀጥላል።"

"አንድም ባይኖርስ?"

"ያኔማ!" አለ ደስ ብሎት። "ያኔ ሥራው ተጠናቀቀ ይባልና ክሊኒኩ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ይዛወራል።"

"እኔስ?"

"እርስዎ ምን?"

"እኔ እኮ አለሁ። በሽታው አለብኝ። ይቺ ግራፍ ላይ የት ነኝ?"

ጎንበስ ብሎ ፈለገ። የምር ፈለገ እኮ! በጣቱ።

"እትዬ… ግራፉ የሟቾች ነው" አለ።

ቤት ስንገባ ታዊ ሄጄ እናዘዛለሁ አለ። "የኔ ስህተት ነው። ሕዝብ እያሳሳትኩ እስከ መቼ?"

"ተናገር። መጀመሪያ ግን የሬሳ ሳጥኔን አሠራ" አልኩት። አልቀለድኩም። እውነቱ ከወጣ አስም የሚባል የለም ይላሉ፤ አስም ከሌለ ክሊኒክ የለም፤ ቡናማዋ ፓፍ ከሌለች ደግሞ የሚቀጥለውን ጭስ አላልፈውም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ተቀመጠ። ራሱን አከከ።

"ስለዚህ… እስከ መስከረም ሰው በአስም መሞት አለበት ማለት ነው።"

"አንድ ሰው። ቢበዛ ሁለት። ከዚያ በላይ አይሆንም።"

ምን እያወራን እንደሆነ ያኔ ሰማነውና ሁለታችንም አፈርን። ተነስቼ ድስት አጠብኩ። ንጹሕ ድስት።

ሚያዝያ 5

የእኛ አዲስ ዓመት ነው። ልጆቹ መንገድ ላይ በውሃ ይረጫጫሉ። እኛ ገዳም ሄደን በአዛውንቶቹ እጅ ላይ የአበባ ውሃ እያፈሰስን ይቅርታ ጠየቅን፣ ተመረቅን። ታዊ ተራው ሲደርስ ጽዋውን አስቀመጠና ሁሉንም ነገር ዘረገፈው።

"አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። ሟቾቻችንን ሁሉ በአስም ጽፌያቸዋለሁ። አሁን ደግሞ ሰው በአስም ካልሞተ ዱዋን መድኃኒቷን ታጣለች።"

አዛውንቶቹ ተያዩ። ከዚያ አባባ ሲታ ሳቃቸውን ለቀቁት። "ለካ ለዚህ ነው ያንን ቱቦ ያስነፉን!"

ታዊ ነገሩን አስረዳ። አባባ ሲታ እጃቸውን በሸሚዛቸው አደረቁ። "እንግዲያው እኔን በአስም ጻፈኝ። ለዱዋን ስል እሞታለሁ። ቅርብ ነኝ፣ አታስቡ።"

እማማ ፔንግ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። "እኔን እንዳትነካኝ! እኔ ከትልቁ ሆስፒታል የልብ ካርድ አለኝ!"

በእኛ ወግ የሟቾች ሬሳ ሲቃጠል የሕይወት ታሪካቸውን ለሕዝቡ የሚያነበው ሹሙ ነው። የት ተወለዱ፣ ማንን አገቡ፣ በምን ሞቱ። "ልጄ ከባንኮክ አለቆቹን ይዞ ነው የሚመጣው" አሉ። "እነሱ ፊት አስም ልባል? እኔ ልብ ነው የምፈልገው። ትልቅ ሰው የሚሞተው በልብ ነው።"

"ልብ ይሆናል እማማ" አለ ታዊ።

"ማል!"

"ዱዋን ትሙት!"

የእማማ ፔንግ የአጎት ልጅ ደግሞ ከአዝመራ በፊት ከሞትኩ አስም፣ ከአዝመራ በኋላ ከሆነ ግን አስብበታለሁ አለ። እንዲህ ያለ መንደር የት ይገኛል? በሳቅና በእንባ መሀል ሆኜ ነው የተመለስኩት።

ሰኔ 30

ማንም አልሞተም። እሰይ ማለት ነበረብኝ። ዝናቡ ጥሩ ነው፣ አሳው ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ ደህና። አባባ ሲታ በየጠዋቱ ሱቄ በር ላይ ይቆማሉ።

"ልጄ ይቅርታ፣ ዛሬም ደህና ነኝ።"

"ኧረ አባባ፣ ኑሩልኝ!"

"አይ፣ ቃል ገብቻለሁ እኮ። ያሳፍራል።"

ገዳም ውስጥ ሰው ሲያስል ሁሉም ዞሮ ያያል። በተስፋ። ዛሬ እኔም ዞሬ አየሁ። ምን ዓይነት ሰው ወጣኝ?

በሌሎቹ መንደሮችም አስም የለም። የወረዳው ጸሐፊ ተቀየረ። አዲሱ የሚያሳልፈው ስኳርን ነው፤ ሹሞቹ ሁሉ ስኳር ይጽፋሉ። ዶክተር ናሮንግ ደውሎ በደስታ ጮኸ። "እትዬ፣ በመላ አገሪቱ እየወረደ ነው! ተራራው እየተናደ ነው!" እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ምን ልበለው?

መስከረም 3

እማማ ፔንግ ሞቱ። ካርታ እየተጫወቱ፣ አሸንፈው፣ እየሳቁ። ነፍሳቸውን ይማር።

ታዊ ፎርሙን አውጥቶ አየኝ። ምን እንድል እንደሚፈልግ አውቃለሁ። እኔም እኮ ፈልጌያለሁ! አንዲት ቃል። ማን ያውቃል? እሳቸው ከእንግዲህ አይሰሙም። ልጃቸው ቢያዝን ሁለት ቀን ነው…

"ምን ልጻፍ ዱዋን?"

"ምልሃል።"

"ምያለሁ። ግን…"

"ልብ ጻፍ።"

"ዱዋን…"

"ልብ ጻፍ አልኩህ!"

ጓሮ ወጥቼ ዶሮዎቹ ላይ ጮህኩ። የእማማ ፔንግ ሬሳ ሲቃጠል ታዊ ቆሞ "በልብ ሕመም" ብሎ አነበበ። የልጃቸው አለቆች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ። እኔ ደግሞ ሩዜን በላሁ። ምን ላድርግ?

መስከረም 19

ኦራታይ ዓይኗ አብጦ መጣች። ወሩ ሲያልቅ ክሊኒኩ ተነቅሎ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ኦክስጅኑም፣ ሰሌዳውም። ሁለት ቡናማ ፓፍ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። "እትዬ፣ ቆጥበው ይጠቀሙ።" እንዴት ነው ትንፋሽ የሚቆጠበው?

አባባ ሲታ ሰምተው መጡ።

"እስቲ ልሞክር?"

"ምኑን አባባ?"

"መሞቱን።"

ቤታቸው ገብተው፣ ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተጋደሙ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ትንሽ ቆይተው ቀና አሉና "እራት ምንድን ነው?" አሉ።

ሁላችንም ስቀናል። ቤት ስገባ ግን ሁለቱን ፓፎች አውጥቼ ደጋግሜ ቆጠርኳቸው። ጭሱ ሩቅ አይደለም። መኖር እፈልጋለሁ። ይኼው ጻፍኩት። አሁን በጀርባዬ መተኛት ከለመድኩ በኋላ ደግሞ ይበልጥ እፈልጋለሁ።

መስከረም 27

ታዊ ጠዋት ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ጠፋ። ሲመጣ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። እራት አቀረብኩ፣ አልነካም። ዓይኔን አያይም።

"የት ነበርክ?"

"ወረዳ። ሰው አስመዘገብኩ።"

"ማን ሞተ?"

የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ።

"አንተ ሰውዬ፣ ማን ሞተ?"

"አንቺ" አለ።

ጭልፋ በእጄ ነበር። እንዴት እንዳልወረወርኩት አላውቅም። ደግሞ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን ይሁን? "በምን?"

"በአስም።"

"ታዊ!"

"ሌላ ሰው አጣሁ" አለ። "በሰው ሟች መዋሸት በቃኝ። የሌላውን ሰው ሞት ምን መብት አለኝ? አንቺ ግን… አንቺ የራሴ ነሽ። የክሊኒክ ካርድሽን አሳየኋቸው፤ ጸሐፊው ምንም አልጠየቀ። አዝኖ ሻይ ገዛልኝ። አለቀስኩ።"

"አለቀስክ? የውሸት?"

"ስምሽን ስጽፍ… የምር መጣብኝ።"

ጭልፋውን አስቀመጥኩ። እንደገና አነሳሁት። የመንደር ሚስት በዱላ ትሞታለች፣ በረሃብ ትሞታለች፤ ባሏ ስለወደዳት የገደላት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጥቅምት 6

ሞቻለሁ። የክሊኒኩ መሄድ ቀረ! አንድ ሟች፤ ከበፊቱ ያነሰ፣ ከምንም የበለጠ። ልክ እንደሚፈልጉት።

የሞተ ሰው ኑሮ ከባድ ነው። ካርዴ ተዘግቷል፤ ስለዚህ በአስም በሽተኝነት የተመዘገቡት አባባ ሲታ ናቸው፣ መድኃኒቴን የሚወስዱልኝም እሳቸው። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ብለው ፉጨት ይለማመዳሉ። ዜማ እየሆነባቸው ተቸገሩ። ኦራታይ "አባባ፣ ትንሽ ይበላሽ" ትላቸዋለች።

ለምርጫም አልቆጠርም። ከቤተሰብ መዝገቡም ወጥቻለሁ። ታዊ በወረቀት ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ሆኗል፤ የመንደሩ ሴቶች መቼም ለነገር አያርፉም። "ሹም፣ ብቸኝነቱ እንዴት ይዞሃል?" ይሉታል። ፓፓያ ሻጯ ዛሬ የተጠበሰ አሳ አመጣችለት። ትስቃለች፣ ግን አሳው የምር ነው።

"ሬሳዬ እንኳ አልቀዘቀዘም እኮ!" አልኳት በመስኮት።

አሳውን ግን በላሁት።

ጥቅምት 15

ዛሬ የሆነውን ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ታዊ እየሮጠ ገባ። "ዶክተሩ! ለቅሶ ሊደርስ መጣ!" ጓዳ ገብቼ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። ታዊ ፎቶዬን ቁም ሳጥን ላይ አቆመ፣ የዕጣን ዘንግ ለኮሰ። ጭሱ በመጋረጃው አልፎ ፊቴ ላይ መጣ። ዓምና ቢሆን ይጥለኝ ነበር። አለፈ። ምንም አልሆንኩም።

ዶክተር ናሮንግ ፎቶዬ ፊት ተንበረከከ። ግንባሩን ወለሉ ላይ አስነካ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ንፍጡን እየሳበ።

"አንድ እውነተኛ በሽተኛ ነበረችኝ ሹም። አንድ! በአገር ደረጃ ስንት ሺህ ሰው አዳነ እየተባለ ይጨበጨብልኛል፤ በዓይኔ ያየኋትን አንዷን ግን ገደልኳት። መጠኑን አሳስቼ ይሆናል… ክሊኒኩን እንዳይነኩት ተጣልቻለሁ፣ በእትዬ ስም ቋሚ ይሆናል። እኔ ግን ሕክምናውን ልተው ነው። ከእንግዲህ ሰው አልነካም።"

ታዊ ከንፈሩን ነክሷል። ብወጣ ክሊኒኩ ይሄዳል፣ እኔም ተከትዬው እሄዳለሁ። ባልወጣ ይኼ ልጅ ዕድሜ ልኩን ገዳይ ነኝ ብሎ ይኖራል። መጋረጃውን ጨብጬ ቆምኩ።

"ልጄ፣ አታልቅስ" አልኩና ወጣሁ።

ምስኪን! ወደ ኋላው ተፈናግሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ከእኔ ወደ ፎቶው፣ ከፎቶው ወደ እኔ… ውሃ ሰጠሁት፣ ግማሹን ሸሚዙ ላይ አፈሰሰው። አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። እማማ ቡንሚን፣ ጸሐፊውን፣ ከኮኮናት ዛፍ የወደቀውን፣ እማማ ፔንግ የፈለጉትን ልብ፣ የታዊን ነጭ ሸሚዝ። ታዊ ጥግ ላይ ተንበርክኮ ቀረ።

"ታዲያ ያ ሁሉ ተራራ…" አለ ዶክተሩ።

"እርጅና ነው ልጄ።"

"መውረዱስ?"

"ስኳር ነው።"

መነጽሩን አውልቆ በእርጥብ ሸሚዙ ጠረገው። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፣ ይቆጣል ብዬም ጠበቅኩ። እሱ ግን ታዊን በቀስታ ጠየቀው።

"ከዚያ በፊትስ ሹም? ሁሉም 'እርጅና' ሲባል በነበረበት ጊዜ… እንደ እትዬ ያሉት፣ አስሙ የምር የነበረባቸው ሲሞቱ ምን ተብሎ ይጻፍ ነበር?"

ታዊ መሬት አየ። "የሷን እናት ያስመዘገበው የድሮው ሹም ነው። እያፏጩ ነው የሞቱት። እርጅና ብሎ ጻፈ።"

"ስንት ዓመታቸው ነበር?"

"አርባ ሦስት" አልኩ እኔ።

ስለ እናቴ ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ በራሴ ለቅሶ ላይ።

ዶክተሩ ከቦርሳው ቱቦውን አወጣ። "ይንፉ እስቲ" አለኝ። ነፋሁ። ቀስቱ ወጣ፣ እንደ አባባ ሲታ አይሁን እንጂ ወጣ። ደጋግሞ አየው። አፍንጫውን ጠረገና ፈገግ አለ። በዚህ መሀል ሾፌሩ ከውጭ "ዶክተር! ይመሻል!" እያለ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ዶክተሩ ብድግ ብሎ ትከሻዬን ያዘና ፊቴን ወደ መጋረጃው አዞረው።

"እትዬ" አለኝ በጆሮዬ፣ "ተመልሰው ይግቡ።"

ኅዳር 30

የአገዳው ጭስ ዘንድሮ ቀድሞ ጀመረ። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ፣ እስከ ክሊኒኩ በእግሬ ሄጄ፣ በእግሬ ተመለስኩ፤ መሀል መንገድ ላይ እንኳ አልተቀመጥኩም።

ክሊኒኩ አዲስ ሰሌዳ አለው። "ላምዱዋን መታሰቢያ" ይላል፤ ሙሉ ስሜ ነው። መነኮሳቱ ባርከውታል። ዶክተር ናሮንግ ሥራውን አልለቀቀም። በየመንደሩ እየዞረ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው "በእርጅና" የሞቱትን ይጠይቃል። ብዙ ናቸው አለ። ይኼኛውን ግራፍ ለማንም አላሳየም እስካሁን፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ፣ እናቴ እዚያ ላይ አለች።

ኦራታይ ብቻዋን ስለማትችል በሽተኛ ሲበዛ አግዛታለሁ። የሟች ዘመድ ነኝ እላለሁ። አሁን ከየት እንደሚመጡ እንጃ፣ ከሩቅ መንደር ሁሉ እያፏጩ ይመጣሉ። ለካ ብቻዬን አልነበርኩም።

ዛሬ አንዲት አገዳ ቆራጭ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ አመድ ለብሷል፣ በሁለት እጇ ወንበሩን ተደግፋ ነው የምትተነፍሰው። ሰሌዳውን አንብባለች።

"ላምዱዋን ማናት?"

"የመንደራችን ሰው ነበረች። ሞታለች።"

"በምን?"

"በአስም።"

ደነገጠች። ለመሄድ ቦርሳዋን አነሳች። "እዚሁ? መድኃኒቱ እያለ? እንግዲያው እኔም…"

"አይዞሽ፣ ቁጭ በይ" አልኳት። "እሷ የሞተችው ክሊኒኩ እንዳይዘጋብሽ ብላ ነው። በይ አፍሽን ክፈቺ፣ ፓፉ እንዴት እንደሚሳብ ላሳይሽ።"